ሦስት ሰዓት ላይ የተነሳ የጣቢያ ፎቶ

አዲስ አበባ፣ ቀበና
ኅዳር 4 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ልጅ ለከይሪያ፣
ድሬዳዋ

አሰላሙ ዐለይኩም። ሰላምታዬን ሰጥቻለሁ፤ አሁን ወደ ክሴ ልግባ።

ደብዳቤሽን ስንት ጊዜ ነው ያጠፍሽው? እኔ ስምንት ቆጥሬያለሁ። ሰው ለአጎቱ ሲጽፍ አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ አጥፎ ይልካል። አንቺ ግን ክታብ አድርገሽ ላክሽልኝ። ስፈታው ሁለት ቦታ ተቀደደ፤ "ውድ አጎቴ" ካልሽው ላይ "ውድ" የሚለው ተቀዶ ጠፋና "አጎቴ" ብቻ ቀረሁ። ሱቅ ውስጥ ሰዓቱን እስክጠግንለት የሚጠብቅ ደንበኛ ይህን አይቶ፣ "ጋሽ ይማም፣ አይፍቱት፤ አንገትዎ ላይ ያንጠልጥሉት፣ ለቡዳ ይሆናል" አለኝ። ለተማሪዎችሽ ወረቀት ማጠፍ የምታስተምሪው እንዲህ ከሆነ ለትምህርት ሚኒስቴር አመለክታለሁ። ክሴ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ እንዴት ነሽ? ሙቀቱስ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እንጦጦ ላይ ብርዱ ጀምሯል። ጠዋት ከቤቴ ወደ ሱቄ ስወርድ፣ አፍንጫዬ አብሮኝ መኖሩን እስከ ቀበና ድልድይ ድረስ በእጄ እየዳሰስኩ ነው።

ደብዳቤሽን እንደ ልማዳችን ለእናትሽ አነበብኩላት። ነጅመዲን የሚባል የሲሚንቶ ፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሊያገባሽ እንደሚፈልግ፣ አንቺም እንደምትወጂው የሚለው ጋ ስደርስ፣ እናትሽ ዘሙሩድ ድንች እየላጠች ነበርና ድንቹን ጥላ ልጣጩን ድስት ውስጥ ከተተችው። ደስታዋን መደበቅ ድሮም አይሆንላትም።

ቀጥዬ ያን የእናቱን ታሪክ አነበብኩ። ወይዘሮ አስያ ነጅመዲንን በጡት ሳለ ይዛው በባቡር ወደ ድሬዳዋ ስትመለስ፣ በ1948 ክረምት ጎርፍ ሐዲዱን ሰብሮ መተሐራ ላይ ሦስት ቀን መቆማቸውን፣ ወባ ይዟት ወተቷ መድረቁን፣ አንዲት አራስ የአዲስ አበባ ሴት ነጅመዲንን ከራሷ ሕፃን ጋር ማጥባቷን። አንቺ ለወግ ብለሽ ነው የጻፍሽው። እናትሽ ግን ቢላዋውን አስቀመጠች።

"ይማም፣ ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት።

"ያ ፎቶ..." አለች።

እናትሽ ሳሎን ውስጥ የተሰቀለው ፎቶ ትዝ ይልሻል? እናታችን፣ አያትሽ፣ የባቡር ጣቢያ አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ሁለት ሕፃን ታቅፋለች። አንዷ በልጅነቷ ያረፈችው ታናሽ እህታችን ናት። ሌላው የመንገደኛ ልጅ ነው። ባቡሩ በጎርፍ ሲቆም ወተት ያጣች እናት ሰጥታት ነው ያጠባችው። አንድ ፈረንጅ መንገደኛ ፎቶውን አንስቶ በፖስታ ላከላት። ከጀርባው "ነሐሴ 1948" ይላል፤ ሌላ ምንም የለውም። በዚያ ክረምት ሐዲዱ በብዙ ቦታ ነው የተሰበረው፤ እናታችን የቆመችበትን ጣቢያ ስም ነግራን ከሆነም እኔና ዘሙሩድ ረስተነዋል። ዛሬ የሚጠየቅ የለም።

ነገሩ ይህ ነው። ፎቶው የተነሳው መተሐራ ከሆነ ያ ሕፃን ነጅመዲን ነው። ሦስት ቀን የእናታችንን ጡት ጠብቷልና ለእኔና ለእናትሽ የጡት ወንድማችን፣ ለአንቺ አጎትሽ ይሆናል። አጎትና የእህት ልጅ ኒካ አይታሰርላቸውም፤ የጡትም ቢሆን። ፎቶው የሌላ ጣቢያ ከሆነ ግን ልጁ ሌላ ነው፤ እናንተም ነፃ ናችሁ።

እናትሽ ፎቶውን ከመስታወቱ አውጥታ ሰጠችኝ። "ሰዓት ስትፈታ የምታየውን ያህል እየው" ብላኛለች። ለወይዘሮ አስያ ግን እስኪጣራ አትንገሪ። በሴትየዋ ልብ ጥርጣሬ እንዳይቀመጥ።

ብዙ እንዳትጨነቂ። አንድ አጎት በቂሽ ነው፤ ሁለተኛ አያስፈልግሽም።

አጎትሽ ይማም


ድሬዳዋ
ኅዳር 19 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሽ ይማም፣

ወዐለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። አላህ ጤናዎንና ዓይንዎን ይጠብቅልኝ፤ በተለይ ዓይንዎን፣ አሁን ሥራ በዝቶበታልና። ይህን ደብዳቤ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያጠፍኩት። ፖስታው ስለማይበቃው ጫፉ ቢጨማደድ ክሱ ለፖስታ ቤት ይሁን።

ደብዳቤዎን ትምህርት ቤት በእረፍት ሰዓት ነበር ያነበብኩት። ደወሉ ተደውሎ ተማሪዎቹ ገብተው ተቀምጠው ነበር፤ እኔ ግን ሜዳው ላይ እንደቆምኩ ቀረሁ።

ለነጅመዲን ነገርኩት። ከእሱ መደበቅ አልሆነልኝም። "እናቴን እንዳትጠይቂያት፤ ከሰማች ማልቀስ ነው የምትጀምረው" አለኝ። ፎቶውን እንዳላሳያት ደግሞ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፤ እኔን እንኳ የምታውቀኝ በድምፄ ነው። መተሐራ ስለመሆኑ ግን ጥርጥር የላትም። "ከፈንታሌ ተራራ ሥር፣ ሐይቁ አጠገብ" ትላለች፤ ሺህ ጊዜ ስታወራው ሰምቻለሁ። የሴትየዋን ስም አታውቀውም። "በትኩሳት ውስጥ ሆኜ ስም ልጠይቅ? እጇን ብቻ ነው የማስታውሰው" ትላለች።

አጎቴ፣ አንድ ነገር ልለምንዎ። ነጅመዲን አጎቴ ከሆነ እተወዋለሁ። ከሃይማኖት ጋር አልሟገትም፤ እሱም አይሟገትም። ግን በግምት መተው አልፈልግም። "ሳይሆን አይቀርም" ተብሎ ሰው አይተውም። ስለዚህ እባክዎ ይህን ጉዳይ ቀልድ አይጨምሩበት። አውቅዎታለሁ። የቀበሌውን ሊቀመንበር ሰዓት ሊጠግኑ ተቀብለው፣ ስብሰባው ቶሎ እንዲያልቅ ሩብ ሰዓት እንዲቀድም አድርገው የመለሱ ሰው ነዎት። ለእኔ የሚሰጡኝ መልስ ግን ልኩን ይሁን፤ አይቅደም፣ አይዘግይ።

እማዬን ጉልበቷን ይሳሙልኝ።

ልጅዎ ከይሪያ


አዲስ አበባ፣ ቀበና
ታኅሣሥ 10 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለከይሪያ፣

አላህ ልብሽን ያስፋልሽ። የሊቀመንበሩን ነገር ደብዳቤ ላይ ማስፈር ባልነበረብሽ፤ ግን ግድ የለም። ሰውየው ራሱ ደርሶበታል። ሰዓቱን አስተካክልልኝ አላለም፤ ሚስቱ ለእራት በጊዜ ደረስክ ማለት ጀምራለች መሰለኝ።

እንደ ለመንሽኝ ቀልድ አልጨመርኩም። የሠራሁትን ልንገርሽ።

ፎቶውን ዓይኔ ላይ በምሰካት ማጉያ ሦስት ቀን አየሁት። እናታችን ከጣቢያው ግንብ ፊት ተቀምጣለች። በስተቀኝ በድንጋይ እግር ላይ የቆመ የውሃ ጋን አለ። ከጀርባ፣ ከጣራው በላይ፣ ተራራ አለ፤ ጫፉ በፎቶው ጠርዝ ስለተቆረጠ ስሙን መልኩ አይናገርም። የጣቢያው ስም ያለበት ሰሌዳም ከፎቶው ውጭ ቀርቷል። ፈረንጁ ትንሽ ወደ ጎን ቢል ኖሮ እኔና አንቺ ይህን ሁሉ ወረቀት አንጨርስም ነበር።

አንድ ነገር ግን ለእኔ ብሎ አስቀርቶልኛል። ከበሩ በላይ ክብ ሰዓት አለ። ትንሿ እጅ ሦስት ላይ፣ ትልቋ አሥራ ሁለት ላይ። ልክ ሦስት ሰዓት። የአግዳሚውና የምሰሶው ጥላ ደግሞ ወደ ግራ ወድቋል።

እንግዲህ አስቢው። ጠዋት በሦስት ሰዓት ፀሐይ በምሥራቅ ናት፤ ጥላ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። በፎቶው ግራው ምዕራብ ከሆነ ተራራው ያለው በሰሜን ነው።

በወረቀት ላይ ብቻ አላመንኩትም። ጎረቤቴን እንጨት ነጋዴውን ሀብተወልድን ታውቂዋለሽ። ጠዋት በሦስት ሰዓት ከቤቴ በላይ ካለው ሜዳ በርጩማ ላይ አስቀምጬ፣ ሁለት ጥቅል ጎመን አሳቅፌ፣ ፊቴን ወደ እንጦጦ አናት አዙሬ ቆምኩ። "ቀና በል፣ ሕፃኑን አታንጋደው" እለዋለሁ። ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ተሳልመው የሚወርዱ አንዲት እናት ቆም አሉና፣ "ምን ሆኖብን ነው?" አሉ። "ባቡር እየጠበቀ ነው" አልኳቸው። አማተቡና አለፉ። ሀብተወልድ እስካሁን በሰፈሩ "የሁለት ልጆች እናት" እየተባለ ነው፤ ጎመኑን ግን አልመለሰም።

ጥላው ወደ ግራ ወደቀ፤ ልክ እንደ ፎቶው።

ከይሪያ፣ ከዚህ በኋላ የምጽፈውን ብዙ ቀን አቆይቼዋለሁ። እኔ እስከማውቀው ቆላው ውስጥ ተራራ በሰሜን በኩል ተጠግቶ የሚቆምበት ጣቢያ መተሐራ ነው፤ ተራራውም ፈንታሌ ነው። ከአዋሽ ወዲያ ያሉት የጨርጨር ተራሮች ከሐዲዱ በደቡብ ናቸው። ሴትየዋ ያለችውም፣ ፎቶው ያለውም አንድ ሆነ።

ለእናትሽ ነገርኳት። ፎቶውን ወደ ቦታው አልመለሰችውም፤ ቁምሳጥን ውስጥ ከተተችው።

ፒያሳ ፎቶ ቤት ቅጂ አስነስቼ ይኸው ልኬልሻለሁ። ወይዘሮ አስያ የምታስታውሰው እጅ የአያትሽ ነው፤ አንቺም ያዢው። ቀልድ አይጨምሩ ብለሽኝ ነበር፤ መጨመር ብፈልግም ዛሬ አልመጣልኝም።

አጎትሽ ይማም


አዲስ አበባ፣ ቀበና
ጥር 22 ቀን 1973 ዓ.ም.

ከይሪያ፣

ስድስት ሳምንት ሆነ። ቁጣም ቢሆን ጻፊልኝ። ከፈለግሽ አሥራ ስድስት ጊዜ አጥፈሽ ላኪው፤ ቁጭ ብዬ እፈታዋለሁ።

ይማም


ድሬዳዋ
የካቲት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፣

አላህ የትዕግሥትዎን ዋጋ ይክፈልዎት። ዝም ያልኩት ተቆጥቼ አይደለም። በየቀኑ እጀምርና "ለተከበሩ አጎቴ" ከሚለው በኋላ የሚጻፍ አጣ ነበር። ነጅመዲንም መምጣት ተወ። "አጎትሽ ከሆንኩ እንደ አጎት ልምጣ? አልችልበትም" ብሎኝ ነበር የሄደው።

የትምህርት እረፍት ሲሆን አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ካልቀረ አያቴ የተቀመጠችበትን አግዳሚ ልየው አልኩ። ፎቶውን በቦርሳዬ ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ፤ መተሐራም ወረድኩ። አንዲት የማውቃት አስተማሪ ቤት አድሬ ጠዋት ወደ ጣቢያው ሄድኩ። ፈንታሌ እንዳሉት በሰሜን ቆሟል። አግዳሚ ግን የለም፤ የድንጋይ እግር ያለው የውሃ ጋንም የለም። በሃያ አምስት ዓመት ብዙ ነገር ይፈርሳል ብዬ አለፍኩት። እርስዎ ለምርቃቴ የሰጡኝን ሰዓት አየሁ፤ ሦስት ሰዓት ይላል። ቀና ብዬ የጣቢያውን ሰዓት አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት ይላል።

ጋሽ ሰቦቃ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የሐዲድ ጠባቂ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል።

"አባባ፣ ይሄ ሰዓት ቆሟል እንዴ?" አልኳቸው።

"ምን ይቆማል! ከእኔ ይሻላል።"

"የእኔ ሦስት ይላል፤ እሱ ዘጠኝ።"

"የአንቺ የሐበሻ ነዋ፤ የእሱ የፈረንጅ" አሉኝ። "የባቡር ሰዓት ፈረንሳዮቹ ካስቀመጡት ጀምሮ የፈረንጅ ነው። ስንቱን ሰው አሳስቷል መሰለሽ! ሦስት ሰዓት ነው ብሎ ከእነ ኮተቱ ጠዋት ይመጣና ሙሉ ቀን እዚህ እኔ ላይ ሲያፈጥ ይውላል።"

አጎቴ፣ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው ፀሐይ የመታኝ መስሏቸው ውሃ አመጡልኝ።

የፎቶው ሰዓት ሦስት የሚለው በፈረንጅ ነው። በእኛ ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ማለት ነው። በዘጠኝ ሰዓት ፀሐይ በምዕራብ ናት፤ ጥላ ወደ ምሥራቅ ይሄዳል። ግራው ምሥራቅ ከሆነ ተራራው በደቡብ ነው! ጋሽ ሀብተወልድ ጎመናቸውን ታቅፈው የተቀመጡት በጠዋት ነበር፤ አያቴ ግን ከሰዓት በኋላ።

ፎቶውን ለጋሽ ሰቦቃ አሳየኋቸው። ከዓይናቸው አርቀው፣ አቅርበው፣ እንደገና አርቀው አዩት። "ይቺ እዚህ አይደለችም። ይሄ ጋን የሚኤሶ ነው። እኔ እዚያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ፤ ከዚህ ጋን ውሃ ስንት ጊዜ ቀድቻለሁ!" አሉኝ።

ስመለስ ባቡሩ ሚኤሶ ላይ ለረጅም ጊዜ ይቆማል፤ ሰው ሁሉ ሙዝና ወተት ሊገዛ ይወርዳል። እኔም ወረድኩ። ፎቶውን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ሁለት ወደ ጎን እያልኩ፣ ጋኑና የጣሪያው ጫፍ እስኪገጥሙ ሄድኩ። ገጠሙ። ከጣሪያው በላይ የጨርጨር ተራራ አለ፤ ጫፉ በፎቶው የተቆረጠው እዚያው ነው። አግዳሚውም አለ። አንዲት ሴት ወተት በቅል ይዛ ተቀምጣበት ነበር። "እህቴ፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ" ብያት አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ባቡሩ እስኪጮህ ድረስ አልተነሳሁም።

እንግዲህ ሰላሳ ዓመት ሰዓት ሠራሁ የሚሉት አጎቴ! የእርስዎ ሱቅ ሰሌዳ ላይ "የማንኛውንም ሀገር ሰዓት እናድሳለን" ይላል። እባክዎ ይፋቁት።

ለነጅመዲን ነግሬዋለሁ። ፋብሪካው በር ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ፣ ሳቀ። የቀረው እማዬ ናት። ያለ እሷ ፈቃድ አይሆንም፤ ያለ እሷ ምርቃትም አልፈልገውም። ቃሉ በእርስዎ እጅ ነው።

ልጅዎ ከይሪያ


እንጦጦ መንገድ፣ ከቤቴ
እሑድ የካቲት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለከይሪያ፣ የአጎቷን ስም ለአጠፋችው፣

አላህ ይባርክሽ፤ ይቅርም ይበልሽ። ደብዳቤሽን ሱቅ ውስጥ ሆኜ አነበብኩትና እጄ ላይ የነበረውን ሰዓት ጣልኩት። የሰው ሰዓት ነው፤ ተሰበረ። ሳቅኩኝ፤ ደንበኛውም ሳቀ፤ ሰዓቱ የእሱ መሆኑን እስክነግረው ድረስ።

ምን ብዬ ልከላከል? የባቡር ሰዓት የፈረንጅ መሆኑን አላውቅም እንዳልል አውቃለሁ። ለገሃር ሄጄ ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ። ግን በቀን ሃያ የእጅ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ስሞላ የምውል ሰው ነኝ። እናቴንም ፎቶ ላይ ሳያት በቤቷ ሰዓት ነው ያየኋት። የፈረንጅ ግንብ ሥር መቀመጧን ዓይኔ አላሰበም። ሰሌዳውን ግን አልፍቀውም፤ ቀለም ተወዷል።

ያኔውኑ ሱቄን ዘግቼ ወደ እናትሽ ሄድኩ። ደብዳቤሽን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት። እጇን አገጯ ላይ አድርጋ አዳመጠችኝ። ስጨርስ ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ?

"የሊቀመንበሩን ሰዓት ያስቀደምከው አንሶህ፣ አሁን ደግሞ የሞተችውን እናታችንን ሰዓት ስድስት ሰዓት ልታዞር?"

"ዘሙሩድ፣ ወላሂ እኔ አይደለሁም፤ ልጅሽ ናት ሄዳ ያየችው።"

"ልጄ ትፈልጋለች። የፈለገ ሰው የፈለገውን ያያል። አንተ ደግሞ የፈለገችውን ትጨምርላታለህ።"

ፍርዱ ይህ ሆነ። ዕድሜዬን ሙሉ የቀለድኩት ሁሉ በአንድ ቀን ተሰብስቦ መጣብኝ። ሳልቀልድ የተናገርኩበትን ብቸኛውን ቀን እንኳ የሚያምነኝ አጣሁ።

እንግዲህ እኔን ካላመነች ለገሃርን ትመን ብዬ በማግስቱ ታክሲ አሳፍሬ ወሰድኳት። ከትልቁ ሰዓት ሥር አቆምኳት። ቁጥር ታነባለች፤ እሱን ያውም ከእኔ በተሻለ። ሰዓቱን አየች፤ ፀሐይዋን አየች፤ የራሷን ጥላ አየች። ከዚያ እኔን ተወችና አንዱን ተሸካሚ ጠየቀችው፤ ቀጥላ ቲኬት ቆራጯን፤ ቀጥላ አንዲት የማታውቃትን መንገደኛ። ሁሉም አንድ ነገር ነገሯት። ስንመለስ ጉርድ ሾላ ያሉት ሼህ ቤት እንሂድ አለችና ሄድን። ሼሁ ሁሉን ሰምተው፣ "ያጠባችበት ቦታ ከተለየ ልጁም ተለየ። ያልጠባውን ልጅ ጠብቷል ብሎ መከልከልም ያስጠይቃል" አሏት። ጎንበስ ብላ እጃቸውን ሳመች፤ ወጣን። ቤቷ ድረስ ሸኘኋት፤ "ደህና ዋል" ብላ በሩን ዘጋችው።

ይህ የሆነው ሐሙስ ነው። ዛሬ እሑድ ነው። ሦስት ቀን ሙሉ በድልድዩ ሳልፍ መስኮቷን አያለሁ፤ ትከፍተዋለች እንጂ ወደ እኔ አታይም። ስለዚህ፣ ከይሪያዬ፣ ተስፋሽን ገና አትፍቺው፤ እንደ ደብዳቤሽ አጥፈሽ ያዢው። እኔ የምችለውን አድርጌያለሁ። ከእንግዲህ ዘሙሩድ ልቧ እስኪ

በሩ ተንኳኳ። እሑድ ጠዋት ከሀብተወልድ በቀር የሚመጣብኝ የለም፤ ቆይ።

ሀብተወልድ አይደለም። እናትሽ ናት! ጉልበቷን ካመማት ጀምሮ ይህን አቀበት ወጥታው አታውቅም፤ ስድስት ዓመት ይሆናል። ከቀበና እስከዚህ በእግሯ መጥታለች። ላቧን በነጠላዋ ጠረገችና፣ ተቀመጪ ስላት አልተቀመጠችም። ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። አሁን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በእርምጃ እየለካች ነው፤ የምትቆጥረው ጮክ ብላ ነው።

"ምን ጠፋብሽ?" አልኳት።

"የእኔ ሳሎን ጠባብ ነው" አለችኝ። "ከድሬዳዋ ስንት ሽማግሌ ይመጣል? ሰባት? እዚህ ነው የሚያርፉት። ለማን ነው የምትጽፈው?"

"ለልጅሽ።"

"ጻፍላት እንግዲህ። የሰው ልጅ በደብዳቤ አይወሰድም በላት። ሽማግሌ ይላኩ። አስያም ትምጣ፤ ዓይኗን እዚህ ሐኪም እናሳያታለን። ያጠባችላት እናቴ ባትሆንም አንዷ እናት አጥብታላታለች፤ ምስጋናዋን እኔ እቀበልላታለሁ። ጻፍክ?"

"እየጻፍኩ ነው።"

"ይሄ የሰዓት ቅራቅንቦ ከዚህ ይነሳል። ፍራሽ የሚነጠፈው እዚህ ነው።"

"ኧረ ዘሙሩድ፣ ቆይ፣ እየጻፍኩበት ነው!"

አልሰማችኝም። በሚያማት ጉልበቷ ቆማ ጠረጴዛውን እኔንም ወረቀቱንም ጨምራ ወደ ጥግ እየገፋችው ነው፤ መስመሩ የተጣመመው ለዚያ